የሸዋረግ ቅዳሜና እሁድ

ሸዋረግን ከእድራችን መዝገብ የሰረዝኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልናገር። ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ሞላሌ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ቀብር ላይ ስም እጠራለሁ፣ በቀረው ሰው ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍም በእኔ እጅ ነው።

ሸዋረግ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ እኛስ ከማን አንሰን ብለው ይቀየሙኛል። ስትቀጠር ሥራዋ ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ አሁን ሪፖርት ሆኗል። የሳምንት ሪፖርት አለ፣ የወር አለ፣ የሩብ ዓመት አለ፣ ሪፖርቱ ለምን እንደዘገየ የሚገልጽ ሪፖርትም አለ። ሁሉም ላይ “አስቸኳይ” ተብሎ ይጻፋል፣ ሁሉም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይታዘዛል፣ ሁሉም ሰኞ ጠዋት ዞን መድረስ አለበት። በዚህ የተነሣ ሴትዮዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር አላየችም። ኃላፊዋ መሳፍንት ይባላል፤ ከመጨረሻ ልጄ ስለሚያንስ አንቱ አልለውም። አንድ ቀን ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ብታነሣበት አገር ማገልገል በሰዓት አይለካም ብሎ መለሳት። እሱ ግን ዓርብ ገና በዘጠኝ ሰዓት መኪናውን አስነሥቶ ቤተሰቡ ዘንድ ደብረ ብርሃን ይወርዳል። ከዚያ ሆኖ በስልክ ያጣድፋታል።

እናቷ እማማ አሰጋሽ የዘመሮ ገጠር ሰው ነበሩ። የበግ ፀጉር እየፈተሉ፣ ለባና ሠሪ እየሸጡ ነው አንድ ልጃቸውን ያስተማሩት። ዐይናቸው ሲደክም ሸዋረግ ከእኔ ጋር ይኑሩ ብትላቸው ሁለት ዓመት እምቢ አሉ። ሞትን ፈርተው አልነበረም፤ ሰው ሳይሰበሰብ መቀበርን ፈርተው ነው። አገራቸው ቢሆን ስንቱን ቀብረዋልና ቀባሪ አያጡም። ከተማ ማን ያውቃቸዋል? በመጨረሻ እድር ከገባሽልኝ እመጣለሁ አሉ። ሸዋረግም ገባች። እማማ በመጡ በሳምንቱ ዳኛችንን አቶ ወልደ ሥላሴን እጅ ነሥተው፣ “እንግዲህ ቀባሪዎቼ እናንተ ናችሁ” አሉን። እኛም ያቆይዎ ብለን መረቅናቸው።

ደንባችን ጥብቅ ነው። ደመወዝተኛ አባል ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀብር ቢቀር አይጠየቅም። ቅዳሜና እሁድ ግን ምክንያት የለውም፤ ቢሮ ዝግ ነዋ! ሥራ ነበረኝ እያሉ ጠጅ ቤት የሚገኙ ስለበዙ ነው ይህን ያወጣነው። ሥራ ነበረኝ የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያምጣ፤ ሰባት ጊዜ የቀረ ይሰረዝ ተባለ። ያን ዓመት ደግሞ ሞቱ ሁሉ ቅዳሜና እሁድን የመረጠ ይመስል ነበር። ስሟን እጠራለሁ፣ መልስ የለም፣ ምልክት አደርጋለሁ። ሴቶቹ የእኛን ሬሳ ንቃ ለራሷ ድንኳን ልታስተክል ነው እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። የሚያናድደኝ ይኸ ነው፤ የቢሮዋ መስኮት ከመንገድ ይታያል። ከቀብር ስንመለስ ሁላችንም ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅራ እናያታለን። አይተን እናልፍና ማስረጃ አምጪ እንላታለን።

ምልክቱ ሰባት ሲሞላ አቶ ወልደ ሥላሴ ጠርተው እስከ ታኅሣሥ ስብሰባ ቀን ሰጧት። እሷም ይህማ ቀላል ነው ብላ ሄደች። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጪ ታሳድራለች አይደል የሚባለው? የዚያን ቢሮ ደብዳቤ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። ለራሷም ሦስት መስመር ጽፋ መሳፍንት ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። በእነዚህ ቀናት ሥራ ላይ ነበረች፣ ይኸው ነው። መሳፍንት አንብቦ ሳቀ። ይህን ብፈርም ትርፍ ሰዓት ማሠራቴን አመንሁ ማለት ነው፤ ነገ ክፈሉኝ ብለሽ ብትከሽን ማስረጃው የእኔ ፊርማ ነው፤ አንቺ እንኳ ባትከሽ ሌሎቹ ይከተላሉ አላት። ደግሞስ በወረቀት ቢሯችን ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው ብሎ ወረቀቱን መለሰላት።

እኔ ቤት መጥታ ይህን ስትነግረኝ አልቅሳ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የሚቀመጠው በእሷው መሳቢያ ነው። እውነት ለሆነ ነገር ምን አስጨነቀሽ፣ ምቺውና አምጪው አልኋት።

“ጋሼ ጌጡ፣ ያለ ፊርማ ማኅተም መትቼ አላውቅም” አለችኝ።

ታኅሣሥ ላይ ተሰረዘች። አቶ ወልደ ሥላሴ ደንብ ደንብ ነው አሉ፣ ጉባኤው አጸደቀ፣ እኔም ስሟ ላይ መስመር አሰመርሁ። ለእናቷ አልነገረቻቸውም። የእድሩ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር እማማ እንዳትቀሪ ይሏታል፤ እሷም እሺ እማዬ እያለች ወደ ቢሮዋ ትሄዳለች።

እማማ አሰጋሽ የካቲት 13 ቀን፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ ዐረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ጥሩንባ አልተነፋም፤ ለአባል እንጂ ለማን ይነፋል? ድንኳንም አልተተከለም። የዘመሮ ዘመዶቻቸው መኪና አጥተው ከቀብር በኋላ ነው የደረሱት። የሥራ ባልደረቦቿም አልመጡም፤ እሷ ጀምራ የተወችውን ሪፖርት እንዲጨርሱ ታዘው ቢሮ ነበሩ። ሬሳውን ተሸክመን የሄድነው ስምንት ሆነን ነው፤ ለመለወጫ እንኳ ሰው አልነበረንም። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀምጠን ዐረፍን። የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሷ ማኅተሙን ይዛ ያልመታችው ታማኝ ስለሆነች ነው፤ እኔ ቁልፉን ይዤ ያልከፈትሁት ግን ጉባኤውን ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ራሴን አልወደውም።

ሐዘን የተቀመጠችው እስከ ረቡዕ ነው። ሐሙስ ቢሮ ስትገባ እንደ ወትሮው የሚጻፍ ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። የመሳፍንት የእጅ ጽሕፈት ነው። እስከ ግማሽ ድረስ ጽፋ ነው ለማን እንደሆነ የገባት፤ ለእሷው ነበር። ሪፖርቱ ዘግይቶ ዞን ስለተቆጣ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት። መሳፍንት ከበሩ ላይ ቆሞ ለፎርማሊቲ ነው፣ ከላይ ሲመጡብኝ የማሳየው ስለሚያስፈልገኝ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ፣ ደግሞ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት። እሷም ጽፋ ጨረሰች፣ አስፈረመችው፣ ማኅተሙን መታችበት።

በዚያው ሳምንት እሁድ ማለዳ ከቅዳሴ ስመለስ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ግቢ ብላት እምቢ አለች። ጥቁር ነጠላዋን እንዳጣፋች አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

“ይኸውልዎ ጋሼ፣ የጠየቃችሁኝ ደብዳቤ።”

መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። ቅዳሜ የካቲት 14 እና እሁድ የካቲት 15 በመደበኛ የሥራ ገበታዎ ላይ ባለመገኘትዎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል ይላል። ፊርማ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ማኅተሙም ምንም አልደበዘዘም። ፊቷን ማየት አቅቶኝ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመርሁ። ይህ በቂ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የሥራ ቀን መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል፣ ለመጋቢት ስብሰባ ይዤው እቀርባለሁ፣ ዳኛውም ይፈርዱልሻል፣ ትመለሻለሽ አልኋት።

“ለማን ብዬ?” አለችኝ። “የማስቀብራት እናት አንድ ነበረችኝ።”

ወረቀቱን ተቀብላኝ አጣጠፈችው። እሁድ ስለነበር ከእኔ በር ወደ ቢሮዋ ሄደች።