ባቲ ላይ የለቀቅኩት ወሬ

ተናግራችሁት የረሳችሁት ውሸት አገር ዞሮ ተመልሶ፣ እናንተ ያልተናገራችሁትን ጨምሮ ደጃችሁ ቆሞ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ያደግኩት ወላይታ ነው። ኮሌጅ እንደጨረስኩ ቤተ ክርስቲያናችን ወንጌል እንዳገለግል ወደ ከሚሴ ላከችኝ። ፓስፖርት አላወጣሁም፤ አገሬ ነው። ግን ሰዉ በአማርኛ ሲያወራ ቆይቶ መሐል ላይ ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር ብቻዬን እቀራለሁ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። እሑድ ደግሞ ከሌላ ቦታ ተመድበው ለመጡ ጥቂት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በተከራየነው ክፍል ቃል አካፍላለሁ።

ቤት አከራዬ ቅመም የሚነግዱ ሙስሊም እናት ናቸው። ጠዋት ጠዋት “አካም ቡልቴ” ብለው ስለ አዳሬ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቁኛል። እኔ ፕሮግራም አለኝ፤ “ደህና፣ ደህና” እያልኩ ወደ በሩ እሄዳለሁ። “ቃል ላስተምር ብሎ መጥቶ ሰላምታ እንኳ አይጨርስም” እያሉ ለጎረቤት ያሙኝ ነበር፤ እየሰማሁ።

ገና ሲቃረብ እናቴ ደወለች። ለበዓሉ እንድመጣ ለመነችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። ድምፅዋ ተለወጠና ዘጋችው። በማግስቱ የባቲ ገበያ የሚቆምበት ሰኞ ስለነበር፣ ለምእመናኑ የበዓል ፍየል ልገዛ ባቲ ገበያ ሄድኩ።

ፍየሏን ገዝቼ ሻይ ቤት ስገባ፣ ከአፋር በረሃ ግመል ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡን፣ ሳሩን፣ የታመመውን፣ የሞተውን። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው ያደርሳል። ስለዚህ ዳጉ ላይ አይዋሽም፤ አንዱ ከዋሸ ተሸክሞ ያደረሰው ሁሉ ይዋረዳል። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው በአማርኛ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ከየት እንደመጣሁ፣ መንገዱ ሰላም እንደሆነ፣ ማን እንዳለኝ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

“ለዓመት በዓሉ እናትህ ዘንድ አትሄድም?” አሉኝ።

“እናት የለኝም” አልኩ። ጥያቄው እንዲያበቃ ብቻ ነው። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፤ ሁለት መዳፋቸውን ከፍተው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና ፊታቸውን አበሱ። ፍየሌን ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ በሩን ስከፍት ግቢው ውስጥ ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ፍየሏ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። አከራዬ ተነስተው እጄን ያዙ።

“አብሽር ልጄ። ለምን ደበቅኸን? አብረኸን እየኖርክ እናትህን ለብቻህ ታለቅሳለህ?”

ማን እንደነገራቸው ጠየቅኩ። ከባቲ የተመለሰ ነጋዴ ነው አሉኝ። “በማለዳ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ፣ ምንጩ አፋፍ ላይ ወድቃ ነው አሉ።”

እኔ ይህን አልተናገርኩም። እናቴ ግን ግቢያችን ቧንቧ እያለ ጣዕም የለውም ብላ ከምንጭ ትቀዳለች፤ በማለዳ። ከሚሴ ውስጥ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሴቶቹ መዳፋቸውን ከፈቱ፤ አንዲት ባልቴት በኦሮምኛ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ሌሎቹ በየመሐሉ “አሚን” ይላሉ፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ቀስ ብለው። እናቴ አልሞተችም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን በዚያች ደቂቃ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ቅዳሜም ስልኳ ዝግ ነበር፤ ዘመዶቼም አያነሱም። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች እጄን ጨብጠው “አላህ ሰብሩን ይስጥህ” ይሉኛል። አንዳንዶቹ ምንጩ ስንት እርምጃ ከቤታችን እንደሚርቅ ያወሩ ነበር፤ ትክክል ነበሩ። እሑድ ለስብከት ያዘጋጀሁት ስለ ምሥራች ነበር። ቆሜ ሁለት ዓረፍተ ነገር አልኩና ተቀመጥኩ። ምእመናኑ ኀዘን መሰላቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ባቲ ላይ ለሽማግሌው ዋሽቼ እንደነበር ለአከራዬ ነገርኳቸው። ቅመም እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

“ለኔ ብትነግረኝ ምን ያደርጋል? ወሬውን ላስያዝከው ሰው ንገረው። ያ ሽማግሌ አንተን አምኖ ስንቱ ፊት ተናግሯል።”

ሰኞ ባቲ ተመለስኩ። ሽማግሌው እዚያው ሻይ ቤት ነበሩ። እውነቱን ስነግራቸው አልተቆጡም። “አሁንስ ደህና ናት?” አሉኝ። አላውቅም፣ ስልኳ ዝግ ነው አልኩ።

“እንግዲያ ይህም ወሬ አይደለም። አረጋግጠህ ና።”

ከመነሳቴ በፊት የምንጩን ነገር ማን እንደነገራቸው ጠየቅኩ። “‘እናት የለውም’፤ ለሌላው የሰጠሁት ይኸው ብቻ ነው። ምንጭ ያልከውን ካንተ መስማቴ ነው።”

ወደ ከሚሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እናቴ ናት። ከጎረቤት ስልክ። ዓርብ ማለዳ ምንጩ አፋፍ ላይ አዳልጧት ወድቃ፣ ስልኳ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ሰው እስኪያገኛት ድረስ ብዙ ቆይታለች። ዳሌዋን ተጎድታለች እንጂ ደህና ናት። ዘመዶቼ እንዳልደነግጥ ብለው ነው የደበቁኝ።

“ወድቄ ሳለሁ ሰዎች ሲለምኑልኝ ሰማሁ” አለችኝ። “ቋንቋቸውን አላውቀውም። ሴቶች ናቸው። አሜን ሲሉ ብቻ ነው የለየሁት።”

ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ወሬ እየተጨመረበት ይሄዳል፣ ብዙ እናቶች በማለዳ ውሃ ይቀዳሉ፣ የወደቀ ሰው ጆሮው ይጮኻል እላለሁ። ያን አሜን ግን የማስቀምጥበት ቦታ አጥቻለሁ።

ፍየሏን ለምእመናኑ ትቼ ገናን ከእናቴ አልጋ ጎን ዋልኩ። ስመለስ መጀመሪያ ባቲ ሄጄ “አይቻታለሁ፣ ደህና ናት” ብዬ ወሬውን ለሽማግሌው አስያዝኩ። ከሚሴ ስደርስ አከራዬ ቀድመው ሰምተዋል። ቢሆንም ሁሉንም እንደ አዲስ ጠየቁኝ፤ እኔም ተቀምጬ አንድ በአንድ መለስኩ።

እባካችሁ እናንተም ሞክሩት። ነገ አንድ ሰው ቤተሰቦቻችሁ እንዴት እንደሆኑ ሲጠይቃችሁ፣ “ደህና” ከማለታችሁ በፊት ስልክ አንሱና ደውሉ። ከዚያ ተቀመጡና የሰማችሁትን ብቻ ንገሩት።