ከድራማው የጻፍኩት ቁጥር

ፊልም ላይ ሰው ስልክ ቁጥር ሲናገር ከሰማሁ እስከ ዛሬ ተነሥቼ ድምፁን እዘጋዋለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። «የውሸት ቁጥር እኮ ነው፤ ሰው እንዳያስቸግሩ ብለው የማንም ያልሆነ ቁጥር ይመርጣሉ» ይለኛል። ልጅ እያለሁ ይህን የነገረኝ ሰው በኖረ!

ያደግኩት ፀዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ቤታችን እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ድራማ ለማየት ይሰበሰብ ነበር። ክፍሉ የተቆላ ሽምብራና የላስቲክ ጫማ ይሸታል። ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ጋሻው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ወሬው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ዘመድ ሁሉ ሞቷል ብሎ ቆርጧል። የባላቸው ወንድም አያ ሙሉ «እርማችንን እናውጣ፣ ተዝካሩም ይውጣለት» ቢሉም እትዬ አሻፈረኝ አሉ።

አንድ እሁድ ድራማው ላይ አንድ ፍንጭት ጎረምሳ ብቅ አለ። ጋሻውም ፍንጭት ነበር። ልጁ ለአንዲት ሴት ስልኩን ሲነግር እትዬ ከመደቡ ተነሥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ጋሻውዬ! ጻፊ ልጄ፣ ጻፊልኝ!»

አሥር ዓመቴ ነበር። አንደኛ ስለወጣሁ የሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ በእሳቸው ጩኸት ግን የመጨረሻዋን ቁጥር አልሰማኋትም። ዓይናቸውን ሳይ ፈራሁ፤ ሰባት ብዬ ሞላሁትና ወረቀቱን ቀድጄ ሰጠኋቸው።

እናቴ «እትዬ፣ ተዋናይ እኮ ነው» ብትላቸው «ተዋናይስ እናት የለውም?» አሉ። አባቴ እንዲወጣላቸው ብሎ ደወለ። የተቀረጸች የሴት ድምፅ ለጊዜው ማግኘት እንደማይቻል ነገረችን። እኛ አንገታችንን ስንደፋ የእትዬ ፊት በራ።

«ምነው ታዝናላችሁ? ለጊዜው ነው እኮ ያለችው!»

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ መደወል ልማዳቸው ሆነ፤ ሁልጊዜ የምትመልስላቸው ግን ያችው የተቀረጸች ድምፅ ነበረች። በኋላ የራሳቸውን ስልክ ሲገዙም ከዚያ ቁጥር ሌላ አልመዘገቡበትም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ አያ ሙሉ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ስለሆነ እትዬ ገና ሲያዩአቸው ገባቸው። ወረቀቱን ከመቀነታቸው ፈትተው በሩ ላይ ቆሙ። «ስልክ ላለው ሰው አይለቀስም። ተመለሱ!» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተመለሱ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። የመጨረሻዋን ቁጥር ፈጥሬያት ነው ሳልል ወደ ቤት ሮጥኩ፤ እኒያ እናት የልጃቸውን እርም ሳያወጡ ኖሩ።

ባለፈው ዓመት ሊያርፉ ሲሉ አስጠሩኝና ወረቀቱን መዳፌ ላይ አደረጉት።

«የእኔን ሞት ለጋሻው አንቺ አርጂው። ብቻውን ሳለ ግን እንዳትነግሪው፣ አደራ።»

አርባቸው ሲወጣ ደወልኩ። ጠራ። እኔ በጨመርኳት ሰባት ምክንያት ለካ ቁጥሩ በቅርቡ የእውነት ሰው እጅ ገብቶ ኖሯል።

«ሄሎ?» አለ አንድ የማላውቀው ወንድ።

«አጠገብህ ሰው አለ?» አልኩት፤ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«አዎ፣ ምነው? ማን ሞተ?» አለ። ዘጋሁበት።

ዛሬ ልጄ የፈለገችውን ሰው ባንድ አፍታ በስልኳ ታገኘዋለች። ያኔ እኔንና እትዬን የለየን አንድ አጥር ብቻ ነበር። ዘልዬ ሄጄ ብናዘዝ ኖሮ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገው ይቅር ይሉኝ ነበር። አሁን ይቅር የሚለኝ ሰው ስልክ የለውም።