ሦስተኛው ፊርማ

«ፈርሚና እንገላገል፣ ሐያት። ልጅቷ ኮሌጅ ጨርሳ ነው የመጣችው፤ ከእኔ የምትማረው ምን አላት?»

«ታዲያ አሳይቻታለሁ ብለው ለምን ፈረሙ?» አልኩት።

«ወግ ነዋ። አንቺስ እንደዚሁ አይደል የገባሽው?»

«እንደዚሁ መግባቴ ምን እንዳመጣ ያውቁታል።»

ጋሼ ሲራጅ ወደ ጤና ጣቢያችን ኃላፊ ዞር ብሎ ሳቀ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው።

ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ማሸት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ላይ ነው። ከከሚሴ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ከሥራ ስመለስ ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ያን ጠዋት የማልረሳው ድንገት ስለደረሰብኝ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለጠበቅኩት ነው።

አዲስ ነርስ ሲመጣ ከነባር ባለሙያ ጋር ይመደባል። አንድ ቅጽ አለ፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ሥራ ተጽፏል። ነባሩ «አሳይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ አዲሱ «ተምሬያለሁ» ብሎ ይፈርማል። መፈረም ያለበት ሥራው በተሠራ ቁጥር፣ መስመር በመስመር ነው።

ጋሼ ሲራጅ የራሱ አሠራር አለው። በመጀመሪያው ጠዋት ያስቀምጥሻል፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ይጠይቅሻል፣ ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርግልሻል። «አላህ እጅሽን ያቅናልሽ፣ ኢንታላ ኮ» ይልሻል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። «አሚን» ብለሽ ፊትሽን አብሰሽ ሳትጨርሺ እስክሪብቶው እጅሽ ላይ ነው። እሱ በራሱ በኩል ከላይ እስከ ታች ፈርሞ ጨርሷል። ዱዓ ያደረገልሽን ትልቅ ሰው በመጀመሪያ ቀንሽ እንዴት እምቢ ትይዋለሽ? እኔም ከላይ እስከ ታች ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ዕለት፣ ሁለታችን ተረኞች ነበርን። አዋላጃችን የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። እሱ ተረኛ መዝገቡ ላይ ፈረመና ጊደር ሊያይ ገበያ ሄደ። «ሰው ሁሉ ሰንበቴ ነው፤ ዛሬ ማንም አይመጣም» ብሎኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከጨፋ በኩል አንዲት እናት በባጃጅ መጣች። ወለደች። ልጁ አላለቀሰም።

አምቡ ባግ የምንለው፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ፊኛ እንዳለን አውቅ ነበር። የት እንደሚቀመጥ ግን አላውቅም። ሦስት ቁም ሳጥን ከፈትኩ። ያገኘሁት መድኃኒት ክፍሉ ጥግ፣ የጓንት ካርቶን ሥር ነው። ሳገኘውም ጭምብሉን ፊቱ ላይ እንዴት እንደማሳርፈው እጄ አያውቅም። ኮሌጅ ሳለን ለክፍሉ ሁሉ አንድ አሻንጉሊት ነበረን፤ ተራዬ ሳይደርስ ጊዜው አለቀ።

ልጁ ሳይተነፍስ ቀረ። እናቱ ለይላ ትባላለች። አልጋው ላይ እንዳለች እጄን ይዛ የምታባብለኝ እሷ ነበረች። «ሂንቦኢን» አለችኝ፤ አታልቅሺ። ይህን ቃል ዛሬም ገበያ ላይ እናት ለልጇ ስትለው ከሰማሁ መንገድ እቀይራለሁ።

ነገሩ ሲጣራ ጋሼ ሲራጅ ቅጹን አወጣ። መስመር ዘጠኝ፦ የሕፃን ማስተንፈሻ፣ የሚቀመጥበት ቦታና አጠቃቀም። የእሱ ፊርማ። የእኔ ፊርማ። «ወላሂ አሳይቻታለሁ። ልጅ ናት፣ ደንግጣ ይሆናል» አለ፤ ላየው ሰው ያዘነልኝ ይመስላል። ገበያ ነበር አልኩ። ተረኛ መዝገቡ ላይ ግን ፊርማው አለ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እሱ ጊደሯን ገዛ።

ከዚያ በኋላ ቅጹ ላይ ሦስተኛ ፊርማ ተጨመረ፤ ሲያሳይ ያየ ሌላ ነርስ እንዲመሰክር። ሦስቱ ፊርማ ካልተሟላ አዲስ ነርስ ብቻዋን ተረኛ አትሆንም።

እኔ ያን ባዶ ቦታ ስጠብቅ ኖርኩ። በእረፍት ቀኔ ከሚሴ እየሄድኩ አንዲት አዋላጅ ለምኜ ተማርኩ። እጄ እንዳይረሳው በግጥም አሰርኩት፦

አድርቂው፣ አሙቂው፣ አንገቱን አቅኚለት፤
ካላለቀሰልሽ አየሩን ላኪለት።

ግጥም አይባል ይሆናል። ከጻፍኩት ሁሉ ግን በእንቅልፌም የማልስተው እሱን ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት አዲስ ነርስ አልመጣም። ዘንድሮ ፎዚያ መጣች። ዱዓውን ተቀበለች፣ እስክሪብቶውን ተቀበለች፣ ፈረመች። ለመጪው የገበያ ቀን ብቻዋን ተረኛ ሊያደርጋት የቀረው የእኔ ፊርማ ነበር። ፎዚያን በዝምታ ባስተምራት ይበቃ ነበር። አስተማርኳት። ለእኔ ግን አልበቃኝም።

ስለዚህ ያን ጠዋት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ በፎጣ የጠቀለልኩትን የልምምድ አሻንጉሊት አስቀመጥኩ፤ አምቡ ባጉን ከጎኑ። ፎዚያ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ መስመር ዘጠኝን ያሳዩዋት። እኔ እዚሁ ቆሜ እፈርማለሁ።»

«በስተርጅና አሻንጉሊት ላጫውት? ሽበቴን አታዪም?»

«ሽበትዎን ሁለት ዓመት አየሁት።»

ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና አለ። ጠብ የማይወድ ሰው ነው። «ጋሼ ሲራጅ፣ ያሳዩዋትና ይለቅ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለ።

ጋሼ ሲራጅ እጅጌውን ሰበሰበ። ጭምብሉን ገልብጦ ያዘው፤ ለአፍንጫ የሚሆነው ሹሉ ጫፍ የአሻንጉሊቱ አገጭ ላይ አረፈ። ጨመቀ። አየሩ በጉንጩ በኩል ፍስስ ብሎ ወጣ። ደረቱ አልተነሣም። በርትቶ ጨመቀ። አሁንም አልተነሣም። የጋሼ ሲራጅ ግንባር ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ፤ አንድም ጠብታ እንዳያመልጠኝ አየሁ።

«ይኼ አሻንጉሊት ተቀዷል» አለ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ» ብላ ፎዚያ ጠጋ አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እያለች እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንገቱን አቀናች፣ ጭምብሉን አዞረች፣ ፊኛውን በሁለት ጣት ጨመቀች። ደረቱ ተነሣ። ወረደ። እንደገና ተነሣ።

«አልተቀደደም» አልኩ።

ከቦርሳዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን አወጣሁና ከቅጹ ጎን ዘረጋሁት። «አሁን ደግሞ ፎዚያ ትስማ። እኔን መስመር ዘጠኝን አሳይተውኛል? ወላሂ ይበሉና አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

የሰበሰበውን እጅጌ መልሶ አወረደ፤ ወላሂን ግን አልደፈራትም። ኃላፊው አንዴ እሱን አንዴ ደብዳቤውን አየ፤ ከዚያ ቅጹን ወደ ራሱ ሳበና የጋሼ ሲራጅን ፊርማዎች አንድ በአንድ ሰረዘ። «ፎዚያ ከሐያት ጋር ትገባለች» አለ። «ሐያት፣ ይኼ ደብዳቤ እኔ ጋ ይቆይ።»

ይህን ያጫወትኳቸው ጓደኞቼ አበዛሽው፣ በልጅ ፊት ነው ያዋረድሽው ይሉኛል። አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም። ጊደሯ ላም ሆናለች፤ በየጠዋቱ በጤና ጣቢያው በር ታልፋለች። የለይላ ልጅ በሕይወት ቢኖር ይኼኔ እየሮጠ ያባርራት ነበር። ለይላ ቂም የላትም። ቂሙ የእኔ ነው፤ በደንብ ነው የያዝኩት።

ያን ጠዋት ጋሼ ሲራጅ እስክሪብቶውን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ሊወጣ ሲል ቆም ብሎ አየኝ።

«በትልቅ ሰው እንዲህ አይደረግም። አላህ ይይልሽ፣ ሐያት።»

ሁለት መዳፌን ዘረጋሁ። «አሚን» አልኩና ፊቴን አበስኩ።

ወጣ። በሩም ከኋላው ተዘጋ።