ለሳንባዬ የተጠሩት ምስክር

የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ መንደራችን ገነተ ማርያም መብራት አልነበረም። አባቴ ቄስ ናቸው። በመስቀላቸው ባርከውኝ ሲያበቁ እኔም በተራዬ ከኪሴ አንዲት ትንሽ መስቀል አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ከለስላሳ ድንጋይ በቢላዋ የፈለፈልኳት ናት። ላሊበላ አስጎብኚ ነበርኩ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሆቴል በር ላይ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ እጄን ያፍታታሁባት ነገር ናት እንጂ ሙያዬስ አይደለም። "እጅህን ይባርከው" ብለው ዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቷት። በማግስቱ በባጃጅ፣ ከዚያ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሌላ አውሮፕላን፤ ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ፣ ሚስቴ ትርሲት ዘንድ ገባሁ።

ትርሲትን ያወቅኋት ለገና ልትሳለም ከሜልቦርን ላሊበላ መጥታ ሳስጎበኛት ነው። "አፍህን ሰምቼ ነው ያገባሁህ" ትላለች። አሁን ያንኑ አፌን ነው የምትረግመው፤ ቆይ እደርስበታለሁ።

ብርዱን ልንገራችሁ። የላስታ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፤ የዚህኛው ግን ከፀሐይዋ ጋር አብሮ ይውላል። ሽሮ ከሀበሻ ሱቅ ይገኛል፣ ጣዕሙ መንገድ ላይ ቀርቷል እንጂ። ጎረቤትህ መሞቱን የምታውቀው ዕቃው ደጅ ሲወጣ ነው።

ሥራ ያገኘሁት ለሀብታም ማድቤት ጠረጴዛ የሚሆን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከሚቆርጡበት ቤት ነው። ድንጋይ ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ነገር ነው። ብናኙ እንዳይነሳ ማሽኑ ውኃ እየረጨ ነው መቁረጥ የነበረበት። የውኃ መርጫው ተበላሸ። አለቃችን "ነገ ይሠራል" ይላል፣ ነገ አይመጣም፣ እኛ በደረቁ እንቆርጣለን። ቤት ስገባ ወፍጮ ቤት የዋልኩ እመስል ነበር፤ ትርሲት በረንዳ ላይ በመጥረጊያ ታራግፈኛለች። እንስቅ ነበር፣ አይ እኛ!

አንድ ቀን ደረጃ መውጣት አቃተኝ። እኔ! የአሸተን ማርያምን ተራራ ከቱሪስት ጋር እያወራሁ የምወጣው ሰውዬ! ሐኪሙ ሳንባዬን በራጅ አይቶ የድንጋዩ ብናኝ እንደበላው፣ ተመልሶም እንደማይድን ነገረኝ። ካሳ ጠይቅ አሉኝ፤ እዚህ "ክሌም" ይሉታል። ከተፈቀደ ሕክምናውም ደመወዙም ይቀጥላል። ካልተፈቀደ ትርሲት የሆቴል አልጋ እያነጠፈች የኔንም ትንፋሽ ልትከፍል ነው።

ለአባቴ አልነገርኩም። እኛ ዘንድ ሳንባ ከተባለ ሰው ኩባያ መለየት ይጀምራል። ሥራ የለቀቅኩት የተሻለ እየፈለግኩ ነው አልኳቸው።

በዚህ መሀል አከራያችን መጣ። "ጎረቤትህ በሳልህ እንቅልፍ አጣሁ ይላል።"

"ግድግዳው ስስ ሆኖ ነው" አልኩት።

"ግድግዳው ደንቡን ጠብቆ ነው የተሠራው። ደንብ ያለፈው ሳልህ ነው።"

ለካ ሳልም ደንብ አለው!

ካሳውን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ደግሞ ወደ ራሱ ሐኪም ላከኝ። "ከየት ነህ?" አለኝ። "ከኢትዮጵያ፣ ከላሊበላ።" ብዕሩን አስቀመጠ። "ላሊበላ! ከአለት የተፈለፈሉት!" እመብርሃንን፣ በዚህ አገር ያገሬን ስም ሲጠራ የሰማሁት የመጀመሪያው ፈረንጅ ነው። እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ? እየሳልኩ አስጎበኘሁት። "አንተም ትፈለፍላለህ?" አለኝ ፈገግ ብሎ። እኛ በድንጋይ መሀል ነው የምናድገው አልኩት፤ የመስቀሏንም ነገር አጫወትኩት። እጄን ጨብጦ ሸኘኝ።

መልሱ መጣ። ካገሩ ጀምሮ በድንጋይ ብናኝ ውስጥ የቆየ ሰው ነው፣ በሽታውም ከዚያ የመጣ ነውና ክሌሙ ውድቅ ነው።

"ታሞ እንኳ ዝም አይልም?" አለች ትርሲት። "ቱሪስት መሰለህ? ቲፕ ይሰጠኛል ብለህ ነው?" ብላ አለቀሰች።

ይግባኝ አልን። ጉዳዩን የያዘችው ሹም ጨዋ ሴት ናት። "ባገርህ ምን ትሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ?" አለችኝ።

"አባቴ። ቄስ ናቸው፣ አይዋሹም።"

"አሁኑኑ በአስተርጓሚ እጠይቃቸዋለሁ። አንተ ግን ትንፍሽ እንዳትል፤ ከተናገርክ ምስክርነቱ ይሰረዛል።"

ደስ አለኝ። "ልጄ አስጎብኚ ነበር" ይላሉ፣ ይኸው ነው እኮ እውነቱ። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ቄስ፣ ከአውስትራሊያ ነው የምንደውለው፣ ከመሥሪያ ቤት" አለች አስተርጓሚዋ፣ የአዲስ አበባ ልጅ። "ስለ ልጅዎ ስለ ሲሳይ ልንጠይቅዎ ነው። እዚያ ሳለ ድንጋይ ይሠራ ነበር?"

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ታውቁታላችሁ፣ በኛ ወግ ሰው ስለ ልጅህ ሊጠይቅ የሚመጣው ወይ ሊድርለት ወይ ሊቀጥረው ነው። እንዲህ ተጠይቆ ልጁን የሚያሳንስ አባት ላስታ ውስጥ የለም።

"ኧረ የኔ እመቤት!" አሉ አባቴ። "ድንጋይማ ማን እንደሱ! ከሕፃንነቱ ሲፈለፍል ነው ያደገ። የእጁ ሥራ ይኸው፣ ከዳዊቴ ጋር አለ።"

"ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር?"

"ሌት ተቀን ነው እንጂ! አቧራ ለብሶ ነው የሚገባ። ደከመኝን አያውቃት!"

"አስጎብኚ አልነበረም?"

"እሷንማ ለትርፍ ጊዜው ነው።"

አፌን ልከፍት ስል ሹሟ እጇን አነሳች። አስተርጓሚዋ አንዲት ቃል ሳታጎድል ተረጎመችው። ስልኩ ተዘጋ። ሹሟ ፋይሉን ዘግታ "አባትህ በጣም ይወዱሃል" አለችኝ፤ ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያ ውሳኔው እንደማይለወጥ ነገረችኝ።

የባቡር ፌርማታው ጋ ሳልደርስ ስልኬ ጠራ። አባቴ ናቸው።

"በደንብ ተናገርኩልህ ልጄ? ደንግጬ የረሳሁት ይኖር ይሆን ብዬ ሰጋሁ።"

"ምንም አልረሱም፣ አባዬ። በደንብ ነው የተናገሩልኝ።"

"ወሰዱህ ታዲያ?"

ሳሉ መጣብኝ። ስልኩን ከአፌ አርቄ፣ ግድግዳ ተደግፌ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ።

"ወሰዱኝ፣ አባዬ።"

"እሰይ! መቼ ትጀምራለህ?"

"ሰኞ።"

"በል በርታ" አሉኝ። "ድንጋይ እንደሁ ለምደኸዋል።"