ግማሽ ኪሎዋ ቦቢና

ዛሬ ጠዋት የአሮጊቷን ሞተር ሳይክሌን አምፖል አቃጠልኩ። በስድስት ቮልት ለምትሠራው የልጄን ባለ አሥራ ሁለት ባትሪ አገናኘሁባት፤ አምፖሏ እንደ ቀትር ፀሐይ ቦግ አለችና ድርግም። ልጄ «አባዬ፣ ቁጥር አታነብም እንዴ?» አለችኝ። አነባለሁ፤ አሥራ ሁለት ሲባል ሁልጊዜ የሚሻል ይመስለኛል እንጂ። በጎረምሳነቴም በሽታዬ ይኸው ነበር፤ ያኔ ግን ላጣ የነበረው ሞተሯን ራሷን ነው።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ሞተሯ አባታችን ለወባ መድኃኒት ርጭት የራያን ቆላ ያዳረሰባት ናት። እሱ ከሞተ ወዲህ ቆቦ ቤታችን ቆማ ዶሮ ያድርባት ነበር። አዲሱ ማሽላ ሲገባ ቦታ የጠበበው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙላት፣ «ቅዳሜ የብረት ነጋዴ ይመጣል። እስከዚያ ካስነሳሃት ያንተ፤ አለዚያ ትጫናለች» አለኝ።

የተቃጠለችው ለካንዴላው እሳት የምትሰጠው ቦቢና ነበረች። ደሴ ድረስ ሄጄ ገዛሁ፤ ባለ አሥራ ሁለቷን። ስድስት ካስነዳ አሥራ ሁለት ያበርራል ብዬ! እሳቷ ጭል ጭል ብሎ ቀረ።

«አበረረች?» አለ ጋሼ ሙላት።

የማትሆነዋን ቦቢና ኪሴ ከትቼ፣ ጥንቅሽ እየመጠጥኩ፣ ብስጭቴን ልረሳ ዋጃ ገበያ ሄድኩ። ዘሃራ የምትባል ሴት ሽንኩርት ትመዝናለች። በአንዱ ሳህን ሽንኩርት፣ በሌላው ቦቢና! ጎንበስ ብዬ አየሁ፦ ጥቁር ክዳን፣ ከሥሯ ስድስት ቮልት የሚል ጽሑፍ፣ በሽቦ ማሰሪያዎቿ አጠገብ አንድና አሥራ አምስት ቁጥር። የአባቴ ቦቢና መንትያ።

«እታለም፣ ይቺን ሽጭልኝ።»

«ግማሽ ኪሎዬን? በምን ልመዝን፣ በራስህ?»

«ራሴማ ባዶ ነው፣ አይመዝንም።»

ሳቀች። «በል እንግዲያ፣ እኩያዋን አምጣ።»

የደሴዋን ሳህኑ ላይ ባስቀምጣት ቀለለች። የኪሴን ብሎንና ዳዶ ሁሉ ጨመርኩ፤ አሁንም አንዲት ዳዶ የምታህል ጎደለ።

«ትንሽ ናት፣ እለፊያት።»

«ወላሂ አላልፋትም! በሽንኩርት ጀሐነም ልታስገባኝ ነው?» ከአንገቷ የሣጥኗን ቁልፍ ፈትታ ጨመረች። ሚዛኑ ቀጥ አለ። «ዳዶ አምጣና ቁልፌን አስለቅቅ።»

«ነገ!» አልኳትና ቦቢናዬን አቅፌ በረርኩ። ትሥራ አትሥራ ግን ማን ያውቃል?

ቅዳሜ የነጋዴው መኪና ደጃችን ቆሞ፣ ቦቢናዋን አስሬ የማስነሻ ፔዳሉን ረገጥኩ። ዝም። ደግሜ ረገጥኩ። ሞተሯ አንዴ አስነጠሰችና ጮኸች! ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ፤ እኔ ማሽላው ላይ ዘፍ አልኩ። ደረቴ ላይ የተጫነ ኩንታል የወረደልኝ መሰለኝ። ጋሼ ሙላት ነጋዴውን «አትጫንም» ብሎ አሰናበተው፤ መጥቶም ከኋላ ተፈናጠጠ።

«ወደ ሮቢት ንዳኝ፤ እንዳባባ ቀስ ብለህ።»

ቦቢናዋ እስከ ዛሬ እሳት ትሰጣለች። ዳዶውን ለማድረስ ስንት ጊዜ ወደ ዋጃ ተነሣሁ! አሮጊቷ ሞተሬ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ሳይላላባት አትደርስም፤ ለዘሃራ የያዝኩትን ዳዶ እዚያው አስርባትና ባዶ እጄን ከተፍ እላለሁ። ዘሃራ አሁን ሚዛኑን ለልጇ ትታ ጥላ ሥር ትውላለች። ስታየኝ ከሩቁ እጇን ትዘረጋለች።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሣጥኔን ሰብሬ ከፈትኩት እኮ! ዳዶዬስ?»

«ነገ» እላታለሁ።