እያወቅሁ ያሳፈርኳት

የልጄ መኪና ነዳጅ መስጫ መጣበቅ ጀምሮ ነበር። እግሩን ቢያነሳም ሞተሩ እየጮኸ ይፈተለካል። ፔዳሉን ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ ተበጥሷል። ጋራዥ እስኪገባ ብዬ፣ ተሸካሚዎች ጭነት የሚያስሩበትን የጎማ ላስቲክ ከሶማሌ ተራ አምጥቼ በገዛ እጄ አሰርኩለት።

"እማዬ፣ መካኒክ ወጣሽ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ላስቲኩ ግን ላላ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሲጣበቅበት፣ በጫማው ጫፍ ወደ ላይ ሲያነሳው አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ጎረቤቴ የወሎ ሰው ናት፤ ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው። ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ልብስ ትሰፋ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከልጄ ጋር በመኪናው ስንወጣ፣ ጨርቋን ተሸክማ ስትሄድ አገኘናት።

"ነይ ግቢ! ታክሲ ስትጋፊ ልትውዪ ነው?" አልኳት። ለዚህች አጭር መንገድ ምን ይመጣል ብዬ ነው።

መሳለሚያ ስንደርስ ተጣበቀ። ልጄ ፍሬኑን ቢረግጥ መኪናው እምቢ አለ። ሰው እንዳይገጭ ወደ ዳር ጠምዝዞ ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተመው። የእሷ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ መርፌ አይዙም።

ሽማግሌዎች ይዘን ቤቷ ሄድን። ልጄ እግሯ ላይ ወደቀ። "ድንገት ነው የተጣበቀብኝ፣ እትዬ።"

"ተነስ ልጄ፣ ከአላህ የመጣ ነው። ሁለታችሁንም አፉ ብያለሁ" አለች።

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲሉ አላስችል አለኝ።

"ድንገት አይደለም። እንደሚጣበቅ እናውቅ ነበር። የልጅ ልጆቼን እንዳያሳፍርበት ከልክዬዋለሁ።"

"እማዬ!" አለ ልጄ።

አንደኛው ሽማግሌ "እትዬ፣ ያለቀ ነገር ለምን ይቀሰቅሳሉ?" አሉኝ።

"ሳታውቅ ይቅር ብላ አለቀ አይባልም።"

እሷ እኔን ብቻ ነበር የምታየው።

"ነይ ግቢ ስትዪኝ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ "ለልጁ ያልኩት እንዳለ ነው" አለች። ስለ እኔ ምንም አልጨመረችም።

ልጄ እስከ ዛሬ "ተናግረሽ ምን አተረፍሽ?" ይለኛል። ምንም አላተረፍኩም። ግን የዋህነቷን ተጠቅሜ ይቅርታዋን ልወስድባት አልችልም ነበር።

ባለፈው ዒድ ልጄን ጠርታ አበላችው። እኔን አልጠራችኝም። አልፈርድባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልጠራም ነበር። ይህን እያወቅሁ ቀኑን ሙሉ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።