ቅያሪ የፈለገችው ነርስ

ቃሊቲ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ነበረኝ፤ የምሸጠው ነጭ ጋዋንና ነጭ ጫማ። ያኔ የነርስ ኮሌጅ እንደ አሸን ፈልቶ ስለነበር የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ጋዋን ለባሽ ሆናለች። እኔም ስለ ሕክምና ከጫማ ቁጥር በቀር አንዳች ሳላውቅ በሕክምና የምተዳደር ሰው ሆኜ ነበር።

ተማሪዎቹን እየነዳች የምታመጣልኝ አስተማሪያቸው ነበረች፤ ሲስተር ነበር የምላት። ጋዋኑን ገልብጣ ስፌቱን ሳታይ አታስገዛም። ከድንበሩ ጦርነት በኋላ ግን ወታደሮች ወደሚታከሙበት የአእምሮ ክፍል "ለጊዜው" ተብላ ተዛወረች። በመንግሥት ቤት "ለጊዜው" ማለት ምን እንደሆነ እኔ ነጋዴው አውቃለሁ፤ እሷ የተማረች ስለሆነች አላወቀችም።

እዚያ በገባች በአራተኛ ዓመቷ ሱቄ መጣች። "እንቅልፍ የሚባል የለኝም" አለችኝ። "እነሱ የሚያልሙትን እኔ ማለም ጀምሬያለሁ። ጦር ሜዳ ረግጬ አላውቅም እኮ!"

አለቃዋ ወደ ማስተማሩ የሚመልሳት በቦታዋ የሚገባ ቅያሪ ካመጣች ብቻ ነው። የቅያሪ ማስታወቂያ በእጇ ጽፋ የሱቄ መስታወት ላይ ለጠፈችው።

አንባቢ ሞልቷል። "ወታደሮች" የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን አንዷ እናቷ ትታመምባታለች፣ ሌላዋ ታክሲ ያመልጣታል። "የአእምሮ ሕመምተኛ አይፈራም" ብላ ራሷ ያስተማረቻቸው ናቸው።

ሁለት ወር ጠብቄ ወረቀቱን ቀደድኩና በራሴ ቃል ጻፍኩት፤ "ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሰርቪስ ያለው።" ወታደር የሚል ቃል አልወጣኝም።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዋ፣ ያኔ ራሷም አስተማሪ የሆነች፣ በሰርቪሱ ተማርካ ክፍሉን ሳታጣራ ፈረመች። በሳምንቷ ሱቄ ደረሰች።

"ጋሼ፣ ሸወዱኝ አይደል?"

"ትንሽ።"

"ቲቸር ታውቃለች?"

"አታውቅም። እንዳትነግሪያት።"

"ለሌላ ሰው ቢሆን እከስዎት ነበር" ብላ ሄደች።

ሲስተር ወደ ማስተማሩ ተመልሳ ሰሌዳ ፊት ቆመች፤ ጣጣው እዚያ ጀመረ። በአእምሮ ክፍሉ ለታማሚ ጀርባ አይሰጥም። አራት ዓመት ግድግዳ ተደግፋ ነው የሠራችው። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ደግሞ ለአርባ ሰው ጀርባ መስጠት ግድ ነው። ጠመኔውን ታነሳለች፣ ትዞራለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ኋላ ተማሪ እያስነሳች ማስጻፍ ጀመረች። ልጆቹም "ዘበኛዋ" አሏት።

"ስፖኪዮ ግጠሚ" አልኳት። "ሹፌር ሁሉ ኋላውን የሚያየው በሱ አይደል?"

ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

ከመንፈቅ በኋላ ወታደሮቹ ክፍል መልሱኝ ብላ አመለከተች፤ ወዲያው ፈቀዱላት። መጀመሪያ ሥራ የምትገባበት ቀን ጫማ ልትገዛ መጣች።

"አብደሻል?" አልኳት፤ ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"እዚያ ግድግዳ ተደግፌ ብቆም የሚስቅብኝ የለም።"

"ልጅቷስ? ትወጣለቻ?"

"ሰው ጎድሏቸው ማን ያስወጣታል? ሁለታችንም እዚያው ነን። እሷም እንቅልፍ እምቢ ብሏታል አሉ።" ጫማውን አጎንብሳ አሰረች። "ምን ነክቷት እንደመጣች አይገባኝም። ማስታወቂያዬን እያነበበች፣ እያወቀች!"

አንዷን አወጣለሁ ብዬ ሁለት አስገባሁ። የማስታወቂያውን ነገር ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፋ።

"በሰላም ግቢ" አልኳት።